የበዛ ዘይትና የታፈነ ሞተር

ሲበዛ ማርም ይመራል ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ስለ ምግብ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለብረትም ይሠራል። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ቀንዲል ሲሞላ አይቶ ያውቃል። ዘይቱ ሲጐድል ክሩ እየጨሰ ይከስላል፤ ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ክሩ ይሰጥምና መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ ቀንዲል የሚያበራ ዲያቆን በመጀመሪያ የሚማረው ዘይት መጨመርን ብቻ ሳይሆን እጁን መቼ እንደሚሰበስብ ጭምር ነው። እኔም ይህን በልጅነቴ ተምሬው ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በአንዲት የሣር ማጨጃ ፊት ቆሜ ረሳሁት። ከዚህም የተነሣ አንድ ድኻ ልጅ ያለ ጥፋቱ ሊቀጣ ደርሶ ነበር። ዛሬ ለአንባቢዎቼ የምተርከው ይህንኑ ነው፤ ጥቅሙ እጥፍ እንዲሆን ግን የሞተሩን ሕመምና መድኃኒቱን አብሬ እገልጻለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

የምንሳለምበት ደብር ግቢ ሰፊና ተዳፋት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ እስከ ጉልበት ያድጋል። ቀድሞ ወጣቶች ተሰብስበው በማጭድ ያጭዱት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአሜሪካ የሚኖሩ የደብሩ ልጆች አንዲት የሣር ማጨጃ ገዝተው ላኩልን። እነርሱ በሚኖሩበት አገር በየቤቱ ደጃፍ ሣር አለ፤ ሣሩን ሳያጭድ የሚተው ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ይወቀሳል፤ በብዙ ከተሞችም የመቀጫ ገንዘብ እስከ መክፈል ይደርሳል። ስለዚህ ይህችን መሣሪያ እንደ ድስትና እንደ ምጣድ ያውቋታል። ለእኛ ግን እንግዳ ነበረች።

ማጨጃዋን እንዲገፋ የተመረጠው ከገጠር የመጣ አንድ የአብነት ተማሪ ነው። ቀን ዜማ ይቀጽላል፤ ማታ በቀለም ትምህርት ቤት ይማራል፤ ሣር ባጨደ ጊዜም ጥቂት ገንዘብ ይከፈለዋል። ከዚያችም ላይ ቀንሶ ባሏ ለሞተባት እናቱ ይልካል። ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ማጨጃዋን ሥራ ሲጨርስ ጠርጎ፥ በጆንያ ሸፍኖ ያስቀምጣታል።

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ደመራው የሚተከልበት ስፍራ ይታጨድ ተባለ። እኔም የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጄ ስለ ነበረ፥ ከሥራው ቀን አስቀድሞ በማታ ገብቼ ማጨጃዋን ወደ ደጅ አወጣኋት። የትምህርት ቤት መምህር ነኝና ነገርን አስቀድሞ ማዘጋጀት ልማዴ ነው፤ ልጁንም ልርዳው ብዬ ነበር። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ነቅዬ ባየው ጫፉ ደረቅ መሰለኝ። ከጠርሙስ ዘይት ጨመርሁ። ወዲያው ነቅዬ ብመለከት አሁንም ለውጥ አላየሁበትም። እንግዲያውስ ጠምታለች አልሁና ግማሽ ሊትር የሚይዘውን ጠርሙስ እስከ ጠብታው አንጠፍጥፌ ዘጋሁት። እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ ስሄድ በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ልጁ ማጨጃዋን ለማስነሣት ገመዱን ቢስበው ከበደው። ደጋግሞ ሲስብ ተነሣች፤ ነገር ግን ወዲያው ነጭና ሰማያዊ የሆነ ወፍራም ጢስ ግቢውን ሞላው። ጸሎት አድርሰው የሚወጡ እናቶች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ ጢሱ የዕጣን ይመስል ነበር፥ ሽታው ግን የዕጣን አልነበረም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ገመዱ ቢሳብም እሺ አላለም።

የሰበካ ጉባኤው አባላት ተሰበሰቡ። አንደኛው፦ «ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ደባልቆት ይሆናል» አሉ። ሌላው፦ «ባዕድ ዕቃ በልጅ እጅ መስጠት ይኸው ነው፤ ማሠሪያው ከሚከፈለው ላይ ይቈረጥ» አሉ። ልጁ ራሱን ደፍቶ፦ «እኔ ዘይት አልነካሁም» አለ፤ ሁለተኛም አልተናገረም። እኔ በዚያ ቆሜ ነበር። በልቤ ያለችው ጠርሙስ እየታየችኝ አፌ ተያዘ። ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፥ ዘይት መጨመር ደግሞ ምን ይጐዳል እያልሁ ራሴን አታለልሁ። አምስቱ ሰነፎች ደናግል ዘይት ጐድሏቸው አፈሩ፤ እኔ ግን ዘይት አብዝቼ አፈርሁ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

የአረጋዊው መካኒክ ጥያቄ

በማለዳ ከደብሩ በስተጀርባ ወደሚኖሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ሄድሁ። ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ፥ ዛሬ ግን በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የካንዴላ መፍቻ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅና ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በዘንቢል ይዘው መጡ። ልጁም ተጠርቶ ቀረበ። እኔ መፍቻቸውን አንሥተው ሞተሩን የሚፈቱ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ማጨጃዋን ሳይነኩ አስቀድመው ጠየቁ።

«በቅርቡ ዘይት የጨመረባት ማን ነው?»

ልጁ ዝም አለ። ዝምታው ከክስ የሚበልጥ ሆነብኝ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አልሁ።

«ምን ያህል ጨመሩ፥ መምህር?»

«ጠርሙሱን በሙሉ።»

«መሬቱ ሜዳ ነበርን?»

«እዚሁ ተዳፋቱ ላይ ነበረች።»

አረጋዊው ፈገግ ብለው፦ «እንግዲያውስ አልሞተችም፤ ጠግባ ታፍና ነው» አሉ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። በዐይኑ ቍጣ አልነበረም፤ ለእኔ ግን ከቍጣ የከበደ ነበር።

የሞተሩ ጠባይ

የሕመሙን ምክንያት ለመረዳት የሞተሩን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያሻል። ሣር በማጨጃ መሣሪያ መቍረጥ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በግሎስተርሺር ግዛት፥ በስትራውድ ከተማ አጠገብ ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ ሰው በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጠጕር የሚላጨውን መሣሪያ አይቶ፥ ይህ ሣርን ቢላጭስ ብሎ አሰበና በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ሠራ። በ1876 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ሠራ። በ1902 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ራንሶምስ የተባለው ፋብሪካ በቤንዚን የሚሠራ የሣር ማጨጃ ለገበያ አወጣ። ዛሬ በየግቢው የምናየው ማጨጃ የእነዚህ ልጅ ነው።

አራቱ ምቶች የሚባሉት መሳብ፥ መጭመቅ፥ ማንደድና ማስወጣት ናቸው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቃል፤ ካንዴላው እሳት ሲጥል የነደደው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፤ ተመልሶ ሲወጣ ጢሱን ያስወጣል። ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሻማ ማለት ነው፤ በእውነትም የሞተሩ ሻማ እርሱ ነው።

ዘይቱ የሚቀመጠው ከፒስተኑ በታች በሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። በትንንሾቹ የማጨጃ ሞተሮች ዘይቱን የሚያዳርሰው በዘይቱ ውስጥ የሚሽከረከር ወይም የሚጠልቅ ትንሽ ክፍል ነው፤ እርሱም ዘይቱን እየረጨ ብረቶቹን ሁሉ ያረሰርሳል። ዘይቱ በልኩ ከሆነ ብረት ከብረት ሳይፋተግ ይኖራል፤ ሙቀቱም ይበርዳል። ከልኩ ሲበልጥ ግን በደቂቃ 3,000 ጊዜ ያህል የሚዞረው ብረት ዘይቱን እንደሚናጥ ወተት ይንጠዋል። ዘይቱም አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ በውስጡ አየር ስላለበት ብረትን እንደሚገባ አያለሰልስም፤ ስለዚህ የበዛ ዘይት ያለበት ሞተር ዘይት እንደ ጐደለው ሊጐዳ ይችላል።

ሁለተኛም ጕዳት አለ። የሞተሩ ሆድ የሚተነፍስበት ቀጭን መንገድ አለው፤ ይህም መተንፈሻ ብዙውን ጊዜ ወደ አየር ማጣሪያውና ወደ ካርቡራተሩ ይወስዳል። ዘይቱ ሲበዛ በዚህ መንገድ ይወጣና ማጣሪያውን ያረሰርሳል፤ ከዚያም ከአየሩ ጋር ተስቦ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በፒስተኑ ቀለበቶችም በኩል የሚያልፍ አለ። እዚያ የነደደው ዘይት ነው ያን ነጭና ሰማያዊ ጢስ የሚሰጠው። ካንዴላውም በዘይት ሲሸፈን እሳት መጣል ይሳነዋል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

ሦስተኛው ጕዳት ከሁሉ የከፋ ነው። አየር ሲጨመቅ ይጠባል፤ ዘይት ግን ሲጨመቅ እሺ አይልም። ብዙ ዘይት ከፒስተኑ በላይ ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ይሳነዋል፤ ገመዱም ይደርቃል። በዚህ ጊዜ በጕልበት መሳብ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ ሊያጐብጠው ይችላል። አረጋዊው ለልጁ፦ «ገመዱ ሲከብድህ ባትታገላት ኖሮ መልካም ነበር፤ ግን የነገረህ የለም» አሉት። እኔም መምህር መባሌ ትዝ አለኝ።

ሕክምናው በየተራው

አረጋዊው የሠሩትን እያንዳንዱን ነገር ልጁና እኔ እያየን በደብተሬ ጻፍሁት። አንባቢም ይህ ነገር ቢገጥመው በቅደም ተከተል ይሥራው።

1ኛ፤ ሞተሩ መቆሙንና መብረዱን እናረጋግጣለን፤ ከዚያም የካንዴላውን ሽቦ ከካንዴላው ላይ ነቅለን ወደ ጎን እናርቃለን። ይህን ሳያደርጉ ማጨጃ መንካት አደገኛ ነው፤ ስለቱ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ድንገት ሊነሣና ጣት ሊቈርጥ ይችላል። ሲጋራና እሳትም ከአካባቢው ይራቅ።

2ኛ፤ ማጨጃዋን በሜዳ መሬት ላይ አቁመን ጥቂት ደቂቃ እንታገሣለን። መለኪያውን ነቅለን፥ በጨርቅ ጠርገን፥ መልሰን ከትተን እንደገና ነቅለን እናያለን። አንዳንዱ ሞተር መለኪያው ተጠምዝዞ ሲገባ ይለካል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠመዘዝ አፉ ላይ ተቀምጦ ብቻ ይለካል። ይህ የሚታወቀው ከፋብሪካው አብሮ ከሚመጣው መጽሐፍ ነው፤ አንዱን በሌላው ልማድ የለካ ሰው ይሳሳታል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ወይም ከላይኛው ምልክት ላይ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ ካለፈ በዝቷል። የእኛ ከላይኛው ምልክት እጅግ ርቆ ነበር።

3ኛ፤ ትርፉን እናወጣለን። አረጋዊው ቀጭኑን ቱቦ በስሪንጁ ጫፍ ሰክተው በዘይት መጨመሪያው አፍ አስገቡና ቀስ ብለው እየሳቡ በጠርሙስ አጠራቀሙት። ጥቂት ስበው ይለካሉ፤ እንደገና ይስባሉ፤ ይለካሉ። በትንሽ ሞተር በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነውና በአንድ ጊዜ ብዙ መሳብ ወደ ሌላው ስሕተት ይጥላል። ስሪንጅ የሌለው ሰው ከሥር የማስወጫ ብሎን ካለ በእርሱ ያስወጣል። ይህም ከሌለ የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ ባዶ አድርጎ ማጨጃዋን በጎን በማጋደል በመጨመሪያው አፍ ማፍሰስ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ግን የአየር ማጣሪያውና ካርቡራተሩ ያሉበት ጎን ወደ ሰማይ መዞር አለበት። ወደ ታች ካጋደሉት ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይፈስና ሕመሙ ይብሳል። ሣር የተጣበቀበትን ስለት ለማጽዳት ማጨጃን በተሳሳተ ጎን የሚያጋድሉ ሰዎች ዘይት ሳይጨምሩ ይህንኑ ጢስ የሚያመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

4ኛ፤ ካንዴላውን በመፍቻ እናወጣለን። የእኛ በዘይት ተነክሮ ጠቍሮ ነበር። በጨርቅና በቀጭን ብሩሽ ይጸዳል፤ በጣም የተበላሸ ከሆነ ይለወጣል፤ ዋጋውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በጫፉ ላይ ያለው ክፍተት በብዙዎቹ የማጨጃ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

5ኛ፤ ካንዴላው እንደ ወጣ፥ ሽቦውም ከቀዳዳው እንደ ራቀ፥ ቀዳዳውን በጨርቅ ላላ አድርገን እንሸፍናለን። ፊታችንን ዞር አድርገን፥ እግራችንን ከስለቱ አርቀን፥ ገመዱን ቀስ ብለን ጥቂት ጊዜ እንስባለን። በእጀታው ላይ የማቆሚያ ፍሬን ያለው ማጨጃ ሲሆን አንድ ሰው ፍሬኑን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ከፒስተኑ በላይ የገባው ዘይት በቀዳዳው ይወጣል። ከእኛዋ የወጣው ጨርቁን አርሶ በመሬት ላይ ተንጠባጠበ፤ ደርቆ የነበረው ገመድም ወዲያው ቀለለ።

6ኛ፤ የአየር ማጣሪያውን እናያለን። ከወረቀት የተሠራው በዘይት ከራሰ አይታጠብም፤ ይለወጣል። ከስፖንጅ የተሠራው ግን በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ መጽሐፉ የሚያዝዝ ከሆነ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጎበት በደንብ ተጨምቆ ይመለሳል። የማጣሪያውን ቤትና የመተንፈሻውን ቱቦ በጨርቅ መጥረግም አይረሳ።

7ኛ፤ ካንዴላውንና ማጣሪያውን መልሰን፥ ዘይቱን ለመጨረሻ ጊዜ ለክተን፥ ሽቦውን ሰክተን በደጅ እናስነሣለን። በማርሚታው ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪነድ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጨሳል፤ ይህ አያስደንግጥ። ከዚያ በኋላ ጢሱ መሳሳትና መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፥ የዘይቱም ልክ ትክክል ከሆነ፥ ሕመሙ ሌላ ነውና ለባለሙያ ይታይ።

8ኛ፤ የወጣው ዘይት በአፈር ላይ፥ በቦይ ወይም በወንዝ አይፈስስም፤ ውኃንና መሬትን ይበክላል። በክዳን ዕቃ ታሽጎ አሮጌ ዘይት ወደሚሰበስብ ጋራዥ ይወሰዳል።

ዘይቱ በራሱ ሲበዛ

አረጋዊው አንድ ነገር ጨመሩልን፤ እርሱም በእውነት የሚያስፈልግ ምክር ነው። ማንም ሳይጨምር ዘይቱ በዝቶ ቢገኝ መለኪያውን ማሽተት ይገባል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው የቤንዚን መዝጊያ አልዘጋ ብላ፥ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ትርፉን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ቤንዚን ዘይትን ያቀጥነዋልና ሁሉ ፈስሶ በአዲስ ይተካል፤ መዝጊያዋም ሳትሠራ ሞተሩ አይነሣም።

የጢሱም ቀለም ምስክር ነው። ሰማያዊና ነጭ ጢስ ዘይት መንደዱን ይናገራል፤ ጥቍር ጢስ ግን ቤንዚን መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያመለክታል። አዲስ አበባን በመሰለ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለቈላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ሲሠራ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲተያይ ይበዛል። ይህን ሕመም ዘይት በመቀነስ ላድን የሚል ሰው ይደክማል።

በየቤቱም የሚያስፈልግ ነገር ነው

ምናልባት አንባቢዬ፦ እኔ የሣር ማጨጃ የለኝም፤ ይህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል ይል ይሆናል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የምናስነሣው ትንሹ ጄኔሬተርና ገበሬው ውኃ የሚስብበት ሞተር የዚሁ ወገን ናቸው። በብዙዎቹም የዘይቱ ልክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚያልፍ ነው። የመኪናን ዘይት ለመጨመር የለመደ እጅ በእነዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። በጫንቃቸው የሚያዙ አንዳንድ የሣር መቍረጫዎች ደግሞ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ በእነርሱ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በልክ ተደባልቆ ይገባል እንጂ የዘይት መለኪያ የላቸውም። ሁለቱን ማምታታት ሞተሩን ይገድላል። ጄኔሬተር ያለውም ሰው ቤቱ ውስጥ አያስነሣው፤ ጢሱ ሳይታይና ሳይሸት ሰውን ይገድላል።

ዘይት ለመለወጥም ጊዜ አለው። ለብዙዎቹ ትንንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮች አዲስ ሲሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሥራ ሰዓቶች በኋላ፥ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለወጥ ይመከራል። የሚገባውም ዘይት በመጽሐፉ የተጻፈው ዐይነት ነው፤ ባለ 30 ቍጥሩ ዘይት ለሞቃት አየር የታወቀ ነው። በሚጨመርበት ጊዜ ከልኩ ጥቂት አሳንሶ መጀመር፥ አንድ ሁለት ደቂቃ ታግሦ መለካት፥ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ ማሟላት ይገባል። እኔን የጣለኝ አለመታገሤ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ዘይቱ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ይሻ ነበር፤ እኔ ግን ጊዜውን ነሥቼ ዘይቱን ጨመርሁለት።

የቀረው ዕዳ

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ለሰባት ደቂቃ ያህል ጨሰ፤ ከዚያም ጢሱ ሳሳ፥ ድምፁም ጠራ። ልጁ ማጨጃዋን ይዞ ወደ ደመራው ስፍራ ሄደ። አረጋዊው የድካማቸውን ዋጋ ብንሰጣቸው፦ «ለቀንዲሉ ዘይት ግዙበት፤ ግን እንዳታበዙት» ብለው ተሳልመው ሄዱ።

የእኔ ሥራ ግን አላለቀም ነበር። ሞተሩ ድኗልና ነገሩ በዝምታ ይለፍ የሚል ድምፅ በልቤ ውስጥ ተነሥቶ ነበር፤ ማጨጃዋ ከሠራች ማን ይጠይቃል? ነገር ግን የልጁ ስም ገና በዘይት እንደ ተነከረው ማጣሪያ ቆሽሾ ነበር። ሞተርን አድኖ ሰውን ታፍኖ መተው ምን ዐይነት ጥገና ነው? ስለዚህ በዚያው ዕለት ወደ ጉባኤው ገብቼ፦ «ዘይቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ፤ ትናንትም ልጁ ሲከሰስ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አልሁ። ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ይቈረጥ ብለው የነበሩት ሽማግሌ ተነሥተው፦ «እኔም ሳላጣራ ፈርጃለሁና ይቅር ይበለን» አሉ። ልጁ ተጠርቶ ገንዘቡ በሙሉ ተከፈለው፤ የካንዴላውና የማጣሪያው ዋጋ በእኔ ላይ ሆነ።

እኔም በሁሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ጕልበቴን ሊስም ጐንበስ ሲል ያዝሁት። «መምህር፥ መለኪያውን ሲያዩ ሜዳ ላይ መሆን አለበት ማለትን አልነገርሁዎትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አለኝ። ለካ አስቀድሞ ያውቀው ኖሯል። መምህሩን ማረም ነውር መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን፦ ስሳሳት ብታዩኝ በአክብሮት ንገሩኝ እላቸዋለሁ፤ እስካሁንም ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ እውነት ነበራቸው።

ዛሬ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ልጁ በራሱ እጅ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሜዳ ላይ አቁም፤ ጠብቅ፤ ለካ፤ ጥቂት ጨምር፤ እንደገና ለካ።» የዘይቱም ጠርሙስ በየስኒው ልክ በቀለም ተሰምሮበታል።

ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ለልጆቻችሁ ስታስረክቡ ልኩንም አብራችሁ አስረክቡ። ነገር ሲበላሽም ማን አጠፋ ከማለታችሁ በፊት ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከትንሹም ሰው በፊት እጃችሁን ተመልከቱ። የበዛውን ዘይት ቀድቶ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በሰው ላይ የወረደን ያላግባብ ነቀፋ ማውጣት ግን በቶሎ ካልተጀመረ ዕድሜ ይፈጃል። ልክን የሚያስተውል ልቡና፥ ስሕተትንም የሚያምን አንደበት እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።